ባለ አንድ መቀመጫዋ ሰማያዊ

እናቴ እግር ኳስ የምትመለከተው ከሜዳው መስመር ዳር፣ ከማዕዘኑ ባንዲራ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቃ ነበር። የከተማችን ከንቲባ እንኳ እዚያ አይቀመጡም፤ እርሳቸው ትኬት እንደ ቆረጠ ማንኛውም ሰው ጥላ ፎቁ ላይ ወጥተው ነበር የሚያዩት። በመስመሩ ዳር የሚቀመጡት ስምንቱ ሰማያዊዎች ብቻ ነበሩ። ከስምንቱ አንዷ ቤሪል ሃዝልደን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው የስልክ ኦፕሬተር፣ የእኔ እናት ነበረች።

ሰማያዊዎች የተባሉት በመኪኖቻቸው ቀለም ነው። መንግሥት በእግራቸው መሄድ ለማይችሉ ሰዎች የሚያድላቸው፣ ባለ ሦስት ጎማ፣ ከባጃጅ ብዙም የማይተልቁ፣ አካላቸው ከቀላል ፋይበር የተሠራ መኪኖች ነበሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የገረጣ ሰማያዊ ናቸው። በውስጣቸው አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ ከወንበሩ ጎን የታጠፈ ዊልቸር የሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ አለ። ሰው መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ይህንንም የሚናገር ጽሑፍ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ተለጥፏል። እናቴን በአራት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ስለ መታት እግሮቿ የሚቆሙት በብረት ድጋፍ ነበር። በክራንች ከመኝታ ክፍሏ እስከ ማእድ ቤቱ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም የምታገኘው በዚያች ሰማያዊ ነበር።

በዘጠኝ ዓመቴ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ያወቅሁትን ገጣጥሜ የደረስኩበት መደምደሚያ ሌላ ነው። ስምንት አንድ ዓይነት መኪኖች፣ በአንድ ተርታ፣ ማንም ሰው በማይደርስበት ቦታ ይቆማሉ። ሲመጡ የስታዲየሙ ትልቁ በር ይከፈትላቸዋል፤ ፖሊስ ሕዝቡን ገለል እያደረገ ያሳልፋቸዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ዳኛውን እንዲቆጣጠሩ በመንግሥት የተሾሙ ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ይችላሉ? ማስረጃም ነበረኝ። ዳኛው ሲሳሳት ስምንቱም በአንድነት ክላክስ ያሰማሉ፤ ዳኛውም ዘወር ብሎ ያያቸዋል። ቡድናችን ጎል ሲያገባ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ተነሥተው አይጮኹም፤ የፊት መብራታቸውን ሦስት ጊዜ ብልጭ ያደርጋሉ። ይህ ለእኔ ጎሉ የመጽደቁ ምልክት ነበር። እኔና አባቴ ማዶ፣ ቆመው ከሚመለከቱት መካከል ሆነን የእናቴን መብራት ስናይ፣ “አጸደቀችው!” ብዬ እጮኻለሁ። አባቴም “አጸደቀችው!” ብሎ አብሮኝ ይጮኻል። ከደስታ የመጣ ንግግር አድርጎት ኖሯል እንጂ ምን ማለቴ እንደ ሆነ አልጠየቀኝም።

አሁን እንደማውቀው እዚያ ያስቀመጧቸው ደረጃ የሌለው ሌላ ቦታ በስታዲየሙ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ተጫዋቾቹ የሚረጩት ጭቃ መስተዋታቸውን ይሸፍነዋል፤ የጨዋታውን ግማሽ አያዩትም። ኳስ ደግሞ በየጨዋታው ከመካከላቸው አንዱን ይመታል። የእናቴ መኪና አፍንጫ ላይ የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን የተከለው ረጅም ስንጥቅ ነበር። ሊጠግኑላት ቢመጡ፣ “እሱን እንዳትነኩት! ከሃያ አምስት ሜትር የመጣ ነው!” ብላ መልሳቸዋለች።

በዕረፍት ሰዓት ለእርሷ ሻይ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነበር። ከጎኗ የሚቆመው ፐርሲ ኦግደን የሚባል ሽማግሌ ነው፤ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ተንዶበት ሁለት እግሮቹን እዚያው ትቶ፣ ምላሱን ግን በሙሉ ይዞ የወጣ ሰው። ሁለቱም በየመኪናቸው ተዘግተው ስለሚቀመጡ የሚነጋገሩት በመስኮት እየተጯጯኹ ነበር።

“ቤሪል! ይሄ ግብ ጠባቂያችን ዛሬ እጁን ቤት ረስቶ መጣ እንዴ?”

“ያንተን እግር ሲፈልግ ጥሎት ነው!”

ሽማግሌው እስኪያስለው ድረስ ይስቃል። እኔም በሁለቱ መካከል ሻይ ይዤ ስቆም የሹማምንት ጉባኤ ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ንግሥቲቱ ሃያ አምስተኛ የንግሥና ዓመታቸውን ባከበሩበት ዓመት፣ በኅዳር ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ትኩሳት ያዘኝ። አስተማሪዬ ወደ ፋብሪካው ስልክ ብትደውል ያነሣችው እናቴ ራሷ ናት፤ ሥራዋ ነውና። አባቴ ክሊፎርድ ዳቦ ጋጋሪ ስለ ነበር ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ ከተኛ ደግሞ ጣራው ቢወርድበትም አይሰማም። በአውቶቡስ ልሂድ እንዳልል ጉልበቴ ከድቶኛል። እናቴ ዊልቸሯን ፋብሪካው በር ላይ አስቀምጣ መጣች።

“ግባ። በዊልቸሩ ቦታ ቁጭ በልና ጉልበትህን እቀፍ።”

“እማዬ፣ ክልክል ነው እኮ!” ብዬ ጽሑፉን በጣቴ አሳየኋት።

“ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ። ግባ አልኩህ!”

ገባሁ። ክራንቾቿን ጭኔ ላይ አጋድማ ባለ መስመር ብርድ ልብስ አለበሰችኝ። የቤንዚንና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነበር። ሞተሩ ከጀርባዬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል፤ መንገዱ ላይ ያለችው ጠጠር ሁሉ በመቀመጫዬ በኩል ትቆጠራለች። ትኩሳቴን ረስቼ ከዚያ መኪና ባልወርድ እያልኩ እመኝ ነበር። መንገድ የሚጠገንበት ቦታ ላይ ስንደርስ ቆምን። የከባድ ጫማ ድምፅ ሰማሁ።

“እመቤቴ፣ የግራ መብራትዎ አይሠራም” አለ አንድ የወንድ ድምፅ። ፖሊስ ነበር።

“ቅዳሜ አራት ጎል አግብተን ነው። ተቃጥሎ ይሆናላ።”

በዚህ መካከል አስነጠስኩ።

“ምንድን ነው የሰማሁት?”

“ዊልቸሬ ነው” አለች እናቴ።

“አስነጠሰ እኮ።”

“እርጥበት አይስማማውም።”

“አሃ! እንግዲያው ቶሎ ቤት ያስገቡት። ሎሚና ማር በትኩስ ውሃ ይስጡት። የኔም ዊልቸር ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አድርጎት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ።”

ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ የእርሳስ ጭረት ድምፅ ተሰማኝ። ፖሊሱ እየጻፈ ነበር። ቀልዱ አላታለለኝም፤ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርም ከመቅጣቱ በፊት ሁልጊዜ ይቀልድ ነበርና። የጻፈው ምን እንደ ነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አምፖል በርካሽ የሚሸጥበትን ሱቅ ስም ጽፎ፣ ወረቀቱን ቀዶ ለእናቴ ሰጥቷት ኖሯል። እኔ ግን ስማችን መዝገብ ላይ እንደ ሰፈረ አመንኩ። ስለ እምነቴም ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ቡናማ ፖስታ መጣ። እናቴ ስታነብበው ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያም አጥፋ ከሻይ ቆርቆሮው ጀርባ ሰካችው። አባቴ ከእንቅልፉ ሲነሣ ማእድ ቤቱን ዘግተው መነጋገር ጀመሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳቸው።

“ቤሪል፣ አስቢበት እንጂ። መኪናዋን ከወሰዷት ወሰዷት ነው። ኋላ መልሱልኝ ብትዪ ማን ይሰማሻል?”

“አውቃለሁ።”

“ጎማ ሲፈነዳ እነሱ ይቀይሩታል። ሞተር ሲሞት እነሱ ያስነሡታል። ይሄ አበል የምትዪው ግን ወረቀት ነው። የዛሬው መንግሥት ሰጠሽ እንበል፤ የነገው ቢከለክልሽስ?”

“ክሊፍ…” ብላ ስትጀምር ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ያዘና ቀጥሎ የተባለው አመለጠኝ። ማንቆርቆሪያው ዝም ሲል የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ብቻ ነበር፤ “እሱንማ እፈራለሁ፤ መች ካድኩ!” ይላል።

ማንቆርቆሪያው የዋጠውን አባቴ ራሱ በሽምግልናው አጫውቶኛል። “አንተ የምትፈራው መንግሥትን አይደለም፤ እኔ እየነዳሁ ከጎኔ መቀመጥን ነው” ብላው ነበር። ሰማያዊዎቹን መኪኖች ያድል የነበረው ሚኒስቴር ማደሉን አቁሞ፣ በምትካቸው በየሳምንቱ የሚከፈል የመንቀሳቀሻ አበል ጀምሯል። መኪና በእጃቸው ያለ ሰዎች መኪናዋ እስክታልቅ ይዘዋት መቀጠል፣ ወይም መልሰው ወደ አበሉ መዛወር ይችላሉ። እናቴ መዛወሩን መርጣ ነበር። በየሳምንቱ ከአበሉ እየከፈለች የተለመደ መኪና፣ ሦስት ሰው የሚይዝ፣ በዱቤ ገዝታ በእጅ ብቻ የሚነዳ አድርጋ ልታሠራው ነበር ሐሳቧ። እኔ ግን “ወሰዷት” የሚለውን ቃል ይዤ ከፖሊሱ እርሳስ ጋር አገናኘሁት። እናቴ በእኔ ምክንያት ከሹመቷ ልትሻር ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ጥርጣሬዬ ሁሉ ተረጋገጠ። ሻይ ይዤ ስደርስ ፐርሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጮኻል።

“ከተርታው ልትወጪ ነው አሉ! ከዳተኛ!”

“ፐርሲ፣ አፍህን ዝጋና ሻይህን ጠጣ።”

“በሳምንት ሰባት ፓውንድ! ለሰባት ፓውንድ እኔን ለዚህ ለሚያንኮራፋ አርተር ጥለሽኝ ልትሄጂ?” በወዲያኛው ጎኑ ያለው አርተር በእርግጥም መሪው ላይ ደገፍ ብሎ አንቀላፍቷል።

እናቴ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ረጥቦ ነበር። የሐፍረት እንባ መሰለኝ። ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮት ስትጯጯኸው የኖረችውን ጎረቤቷን ልትለይ እንደ ሆነ አልገባኝም።

ሰኞ ዕለት ከሻይ ቆርቆሮው ጀርባ የፖስታውን አድራሻ ገልብጬ፣ በኪሴ ገንዘብ ቴምብር ገዝቼ፣ ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ ላክሁ። ደብዳቤው አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቃሉን ሳልለውጥ እገለብጠዋለሁ።

“ለተከበረው ሚኒስቴር። እኔ ናይጄል ሃዝልደን እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በኅዳር ወር እናቴ ሳታውቅ መኪናዋ ውስጥ ገብቻለሁ። እርሷ ዊልቸሩ መስያት ነው። ያስነጠስኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ እባካችሁ እናቴን አትሻሯት። እርሷ ከሌለች ዳኞቹ ያጭበረብራሉ። ቅጣቱን እኔ እቀበላለሁ። ግን ልደቴ በመጋቢት ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል።”

በጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ማእድ ቤታችን ውስጥ ተቀምጧል። ሚስተር ኦርመሮድ ይባላል፤ ከሚኒስቴሩ የተላከ መርማሪ ነው። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል፤ አጠገቡ ሻንጣ የሚያክል ቦርሳ አቁሟል። ወላጆቼ የዝውውሩን ወረቀት ሊያስፈርም የመጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል። አባቴ ገና ከእንቅልፉ መነሣቱ ስለ ነበር ጆሮው ላይ ዱቄት አለ።

“ስኳር ስንት ላድርግልዎ?” አለች እናቴ።

“በሥራ ላይ ስኳር አልወስድም” አለና ቦርሳውን ከፍቶ የእኔን ፖስታ አወጣ። “ሚስስ ሃዝልደን፣ ይህን ከማንበቤ በፊት ደንቡን ልንገርዎ። በተሽከርካሪዋ ሰው ጭነው እንደ ነበር ከተረጋገጠ ዛሬውኑ እንድትነሣ አደርጋለሁ። የአበልዎም ፋይል ምርመራው እስኪያልቅ ይቆማል። ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል።”

መኪናዋም ከሄደች፣ አበሉም ከቆመ፣ እናቴ ሥራዋን ታጣለች፤ ከማእድ ቤቱ በር አትወጣም። ይህን በክፍሉ ውስጥ ያልተረዳሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ያሰብኩት በመጨረሻ የሚሰማኝ ሰው መምጣቱን ነው።

ሚስተር ኦርመሮድ ደብዳቤውን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀስ ብሎ አነበበው። “እርሷ ዊልቸሩ መስያት ነው” የሚለው ላይ ሲደርስ አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰለኝ።

“ሚስስ ሃዝልደን፣ አንድን ልጅ ዊልቸር ነው ብሎ መሳሳት ይቻላል?”

ለፖሊስ፣ ለፐርሲ፣ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መልስ የማታጣው እናቴ መልሱን ፍለጋ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። “ቀጭን ነው” አለች በመጨረሻ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። “አንተ ነህ የጻፍከው?”

“አዎ ጌታዬ። ገብቻለሁ። እማዬ አላወቀችም።”

“ሚኒስቴሩ በወሬ አይሠራም፤ በዓይን መታየት አለበት። ካፖርትህን ልበስ።”

“ያን ቀን ካፖርት አላደረግሁም ነበር።”

“ኅዳር ነው ብለህ ጽፈሃል። በዚህ አገር ኅዳር ያለ ካፖርት አይወጣም። የዝናብ ቦቲህንም አጥልቅ። የትምህርት ቤት ቦርሳህስ? እሱንም በጀርባህ አድርግ።”

ወደ ውጭ ወጣን። የጎረቤት መጋረጃዎች ሁሉ አንድ አንድ ጣት ተከፈቱ። በዊልቸሩ ቦታ ገብቼ ጉልበቴን አቀፍኩ። ካፖርቱ አበጠ፤ ቦርሳው አንገቴን ወደ ፊት ገፋው። ሚስተር ኦርመሮድ በሩን ሲስበው ተንሸራተተና ቀጥ አለ።

“አይዘጋም” አለ።

“ይዘጋል! ትንሽ ይጠብቁኝ!” ሆዴን አስገባሁ፤ አገጬን ጉልበቴ ላይ ጫንኩ። ጥፋተኛነቴ ካልተረጋገጠ እናቴ በእኔ ፈንታ ልትቀጣ ነው። ደግሞ ሳበው። አልተዘጋም። ትንፋሼን ሁሉ አስወጥቼ እንደ ጨርቅ ተጣጠፍኩ። ሦስተኛም ሳበው፤ አሁንም እምቢ አለ።

“ያን ቀን ተዘግቶ ነበር!” እንባዬ መጣ። “እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ተዘግቶ ነበር!”

እናቴ በራችን ላይ በክራንቿ ተደግፋ ቆማለች። ቀለሟ ተመልሶላት ነበር። “እኔ ምኑን አውቄ?” አለች። “መች አየሁህና? ዊልቸር ነበርክ እኮ።”

በሩ ያልተዘጋበትን ምክንያት ከእኔ በቀር በመንገዱ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል። ያ ሻንጣ የሚያክለው የሰውየው ቦርሳ በሩ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ቆሟል። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ነበር። አባቴ ሊያነሣለት ጎንበስ ቢል፣ “ይተዉት፣ ወገብዎን ያምምዎታል” ብሎ አስቀርቶታል።

ከዚያም ሚስተር ኦርመሮድ ብዕሩን አወጣና የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ። “ተሳፋሪ ነበርኩ ያለው ልጅ በተሽከርካሪዋ ውስጥ ሊገባ አለመቻሉ በሦስት ሙከራ ተረጋግጧል። ዝውውሩ በተያዘለት ቀን ይፈጸም።” ደብዳቤዬን ለእናቴ ሰጣት። “ይህ ወረቀት የመዝገብ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ወረቀት አልደረሰንም።” ወደ እኔም ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስለ ዳኞቹ ያልከውን ግን እኔም አስተውዬዋለሁ።”

ወደ ማእድ ቤቱ ተመልሶ ተቀመጠ። “አሁን ሥራዬን ጨርሻለሁ” አለ። “ሁለት ስኳር።”

ሰውየው ሲሄድ እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም አቀፈችኝ። “የኔ ሞኝ፣ ማንም ከምንም አይሽረኝም” አለችኝ። የምታጽናናኝ መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች ክፉ ነገር ሲደርስባቸው ለልጅ ምንም አልሆነም ማለት ልማዳቸው እንደ ሆነ አውቅ ነበር። ደግሞስ ካልተሻረች፣ በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት ያ የጭነት መኪና ለምን መጣ? ሁለት ሰዎች ሰማያዊዋን በገመድ ጎትተው ሲያወጧት፣ የአፍንጫዋን ስንጥቅ አንደኛው በእጁ ዳሰሰና፣ “ምን ነካት?” አለ። “የግራ ክንፍ” አለችው እናቴ። ከዚያ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው።

በምትኳ የመጣችው ሰናፍጭ ቀለም ያላት፣ ባለ አራት በር፣ ከመሪው ሥር የእጅ ማንሻ የተገጠመላት አሮጌ መኪና ነበረች። የስታዲየሙ ሰዎች ግን የተለመደ መኪና መስመር ዳር አይገባም አሉ። ዊልቸርም መውጫ ይዘጋል ተባለ። እናቴ እዚያ ሜዳ ተመልሳ እስክትገባ ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቃለች። ይህን አስቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ እያወቀች ነው የፈረመችው።

አዲሷ መኪና በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስታችንም ተሳፈርን። እኔ ከፊት፣ ከእናቴ ጎን፤ አባቴ ከኋላ፣ በሁለት እጁ የበሩን እጀታ ይዞ።

“ቀስ! ቤሪል፣ ድመት!”

“አይቻታለሁ።”

“ሌላ ድመት!”

“ክሊፍ፣ ያ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ዓይንህን ጨፍን።”

“ጨፍኜ ነው እኮ!”

እኔ እናቴን አያት ነበር። ስትነዳ ምላሷን በጥርሷ ያዝ እንደምታደርግ፣ መታጠፊያ ላይ በአፍንጫዋ እንደምታንጎራጉር አላውቅም ነበር። በስታዲየሙ በስተ ኋላ ባለው መንገድ ገባችና ከግንቡ ሥር አቁማ ሞተሩን አጠፋች። መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ከግንቡ ማዶ የሕዝቡ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሁሉ ክብር በኋላ እናቴ ከግንብ ውጭ ተቀምጣ ማዳመጧን ሳይ መቻል አቃተኝ።

“እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“ለምኑ?”

“መኪናሽን ያስወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ፖሊሱ ጽፎ ነበር። በኔ ምክንያት ነው የሻሩሽ።”

አባቴ ከኋላ የበሩን እጀታ ለቀቀ። እናቴ መላ አካሏን ወደ እኔ አዞረች።

“ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ መስሎህ ነው? ናይጄል፣ ውሰዱልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ፣ ለምኜ ነው የወሰዱልኝ!”

“ለምን? ከሁሉም ሰው አስበልጠው አስቀምጠውሽ! መስመሩ ዳር!”

“ብቻዬን ነዋ” አለች። መስታወቱን አሻግራ ግንቡን አየች። “ዓሥራ አንድ ዓመት። ጎል ሲገባ ዘወር ብዬ ‘አየህ?’ እላለሁ። ማንን? በሩን። ፐርሲ እንኳ መስኮቱን እስኪያወርድ ደስታው ያልፋል። አንተና አባትህን ማዶ አያችኋለሁ፤ ተቃቅፋችሁ ትዘላላችሁ። እኔ መብራት አበራለሁ።”

ስለ ሹመቱ፣ ስለ ማጽደቁ ያመንኩትን ሁሉ ልነግራት አፌን ስከፍት ከግንቡ ማዶ ያ ድምፅ ፈነዳ። እንግዶች ሲያገቡ የሚሰማው ዓይነት አይደለም፤ የእኛ ነው። መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ከግንቡ ላይ ርግቦች ተነሡ። ማን እንዳገባ፣ እንዴት እንዳገባ ከሦስታችን አንዳችንም አላየንም። አባቴ ከኋላ ሆኖ የሁለታችንንም ትከሻ በአንድ ላይ ጨበጠ። እናቴ ዓይኗ እየበራ ዘወር አለች፤ ጉልበቴን በመዳፏ ቸብ አደረገችው።

“ሰማህ?” አለችኝ።

“ሰማሁ!” አልኳት።